መጨረሻ ላይ የሚመረመረው ባል

ዕድሜያቸው ወደ አርባ የተጠጋ ባልና ሚስት ልጅ ሲዘገይባቸው ፍለጋው የሚጀምረው ከሚስት ነው፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው እሷ ላይ ያበቃል። ለሆርሞን ምርመራ ደም ትሰጣለች፣ በአልትራሳውንድ ትታያለች፣ የማህፀን ቱቦዋ ክፍት መሆኑ እንዲታወቅ ቀለም ገብቶላት ራጅ ትነሳለች፣ ማዮማ የሚባለው የማህፀን ዕባጭ ከተገኘባት ቀዶ ሕክምና ይነገራታል። በዚህ ሁሉ መሀል ባልየው ከፋይ ነው፤ አድርሶ መላሽ ነው። የእሱ የዘር ፈሳሽ የሚመረመረው፣ ያውም ከተመረመረ፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው። ይህ ልማድ በየትኛውም ዕድሜ ስህተት ነው። ሚስት 37 ወይም 39 ዓመቷ ሲሆን ግን ከስህተትም አልፎ በደል ይሆናል፤ በዚህ ፍለጋ የሚያልቀው ጊዜ የእሷ ነውና።

የሴት ዕድሜ እንደሚቆጠር የሚክድ የለም። ሴት ልጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎች ይዛ ትወለዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ያህሉ ይቀራሉ፤ 37 ዓመት ሲሞላት ቁጥሩ ወደ 25 ሺህ ይወርዳል። ያለቀው በአዲስ አይተካም። የቀሩትም ከባለቤታቸው ጋር አብረው ያረጃሉ፤ በውስጣቸው ያሉት ክሮሞዞሞች በትክክል ሳይከፈሉ የሚቀሩበት አጋጣሚ እየበዛ ይሄዳል። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ጤነኛ ሴት በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድሏ ከአራት አንድ ያህል ነው፤ አርባ ስትደርስ ከአሥር አንድ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። በሃያዎቹ መጨረሻ ከአሥር እርግዝና አንዱ ገደማ ሲጨናገፍ፣ ከ40 በኋላ የሚጨናገፈው ወደ ሲሶ ይጠጋል፣ ከ45 በኋላ ደግሞ ከግማሽ ያልፋል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመወለድ ዕድል በ35 ዓመት ከ350 አንድ አካባቢ ሲሆን በ40 ዓመት ከ100 አንድ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ባልን ወደ ኋላ ለማስቀረት ሲጠቀሱ ይሰማል። «ችግሩ ዕድሜዋ ነው» ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። ከቁጥሮቹ የሚወጣው ትክክለኛ ድምዳሜ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚስት ወራት ጥቂት ከሆኑ፣ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት በእነዚያ ወራት ውስጥ ከባል በኩል የሚመጣው ዘር ደህና መሆኑ ነው። ስንቅ ያነሰው መንገደኛ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳይጠይቅ አይነሳም።

ፍርሃቱም ቢሆን ከልክ በላይ ተለጥጧል። ከ35 ዓመት በኋላ ከሦስት ሴቶች አንዷ ዓመት ሙሉ ሞክራ አታረግዝም የሚለው፣ በየመጽሔቱና በየምክሩ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የኖረ አባባል የተቀዳው እ.ኤ.አ. ከ1670 እስከ 1830 ከነበሩ የፈረንሳይ የልደት መዝገቦች ነው። ዘመኑ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ አልትራሳውንድም ሆነ የመካንነት ሕክምና ያልነበረበት ነው። ዴቪድ ደንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት፣ በአውሮፓ 782 ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት ሌላ ሥዕል ያሳያል። ከ27 እስከ 34 ዓመት ካሉ ሴቶች 86 በመቶው፣ ከ35 እስከ 39 ካሉት ደግሞ 82 በመቶው በሳምንት ሁለት ጊዜ ግንኙነት እያደረጉ በአንድ ዓመት ውስጥ አርግዘዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት የመቶኛ ነጥብ ብቻ ነው። ይኸው ጥናት ሴቷ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ስትሆን የወንዱ ዕድሜም እንደሚከብድ አገኘ፦ በዓመት ውስጥ ፅንስ ያላገኙት ጥንዶች ድርሻ ወንዱ 35 ዓመት ሲሆን 18 በመቶ የነበረው፣ ወንዱ 40 ሲሞላው ወደ 28 በመቶ ከፍ ይላል። ሚስት በዚያው ዕድሜዋ ላይ ሆና የባል አምስት ዓመት ብቻውን ይህን ድርሻ በአሥር የመቶኛ ነጥብ ይጨምራል ማለት ነው። ከጥናቱ ውስጥ ሰው አፍ የማይገባው ይህ ክፍል ነው።

«ወንድ አያረጅም» የሚለው እምነት ሥር የሰደደው ሁለት ነገሮች ስለተምታቱ ነው። ወንድ እስከ እርጅናው ዘር ማፍሰስ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ማፍሰሱ ግን በፈሳሹ ውስጥ በቂ፣ ሕያውና ተንቀሳቃሽ ስፐርም አለ ማለት አይደለም። የዘር ፈሳሹ አብዛኛው ክፍል የሚመነጨው ከሌሎች ዕጢዎች እንጂ ከቆለጥ ስላልሆነ፣ አንድም ስፐርም የሌለበት ፈሳሽ በመልክም በመጠንም ከጤነኛው አይለይም። ባልየው በግንኙነት ብርቱ ሆኖ፣ ምንም ሳያመው፣ ምንም ሳይጠረጥር መውለድ የማይችል ሊሆን ይችላል። ከመቶ ወንዶች አንዱ ገደማ በዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም የለውም። ቀደም ሲል ከሌላ ሴት የወለደ መሆኑም ዋስትና አይሆንም፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተወለደ ልጅ ስለ ዛሬው ዘር የሚናገረው ነገር የለም።

ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ሆኖ፣ ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ። ምክንያቶቹም እንግዳ ነገሮች አይደሉም። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ቆለጥን ሊጎዳ ይችላል። ያልታከመ ጨብጥ የሴቷን ቱቦ እንደሚዘጋ ሁሉ የወንዱንም የዘር መተላለፊያ ይዘጋል። ቫሪኮሲል የሚባለው የቆለጥ ደም ሥር ማበጥ ከመቶ ወንዶች በ15ቱ ገደማ የሚገኝ ሲሆን፣ ልጅ በዘገየባቸው ወንዶች ዘንድ ከሦስት በአንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይታያል፤ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከልም ይችላል። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌ ሰውነትን ያፈረጥማል፣ የስፐርም ምርትን ግን ያስቆማል። ሲጋራም ጉዳቱ የታወቀ ነው። ከአይስላንድ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት ደግሞ አባት በዕድሜ አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ለልጁ የሚያስተላልፋቸው አዳዲስ የዘረመል ለውጦች በሁለት ገደማ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። የወንድም ሰዓት ይቆጥራል።

ምርመራው ራሱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ባል ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይቆጠባል። አፉ ሰፋ ያለ፣ ክዳን ያለው ንጹሕ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይሰጠዋል። ናሙናውን እዚያው ላቦራቶሪ ባለው ክፍል፣ ካልሆነም ቤቱ ሰጥቶ፣ እንዳይቀዘቅዝ ብልቃጡን ከሸሚዙ ሥር ከገላው ጋር አድርጎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል፦ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከእነዚያም ቢያንስ 42 በመቶው የሚንቀሳቀሱ ከሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣው ዝቅተኛ መነሻ አልወረደም ማለት ነው። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው፣ ማደንዘዣ የለው። በሌላ በኩል ሚስት ለቱቦ ራጅ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ፣ በማህፀኗ በር በኩል በሚገፋው ቀለም ሆዷን ቁርጠት እየያዛት ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች። ከባድ የሆነው አስቀድሞ፣ ቀላሉ መጨረሻ የሚታዘዝበት የሕክምና ምክንያት የለም። ምክንያቱ እፍረት ነው።

እፍረቱ ደግሞ በቋንቋው ውስጥ ሳይቀር አለ። «መካን» ሲባል አብዛኛው ሰው አእምሮ ውስጥ የምትመጣው ሴት ናት። «ማህፀንሽን ይክፈትልሽ» ተብሎ ይመረቃል፤ ለባል አቻ የሆነ ምርቃት አልተለመደም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰባሰብ «ምነው ዝም አልሽ?» የምትባለው እሷ ናት፤ የባል እናት ጠበል የምትቀዳው ለእሷ ነው፤ ለቁልቢ ገብርኤል የምትሳለውም እሷው። ስለቱና ጠበሉ ክፋት የላቸውም፤ ብዙዎችን በጭንቅ ጊዜ ደግፈው ያቆሙ ናቸው። ነገር ግን ልደታ በየዓመቱ ግንቦት 1 ሲከበር የሚነገረው ታሪክ የማርያም ወላጆች ኢያቄምና ሐና ሁለቱም ልጅ አጥተው፣ ሁለቱም አዝነው፣ ሁለቱም መለመናቸውን ነው። ኀዘኑን ለሐና ብቻ የተወ ኢያቄም በትውፊቱ ውስጥ የለም።

ከጥፋቱ የጤና ተቋማትም አያመልጡም። ካርዱ የሚወጣው በሚስት ስም ነው፤ የሚጠየቀው የእሷ የወር አበባ ነው፤ ባል ክፍሉ ውስጥ እንዲገባ አይጋበዝም። እንቁላል እንዲበስል የሚረዳው ክሎሚፌን የባል ምርመራ ሳይታይ ለተከታታይ ወራት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ባል አንድም ስፐርም ከሌለው ይህ መድኃኒት ዓመት ሙሉ ቢወሰድ የሚያመጣው ነገር የለም። የ38 ዓመት ሴት በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ስታጣ፣ ያጣችው በሃያዎቹ ያለ አንድ ዓመት አይደለም።

የጊዜ አቆጣጠሩም ፍርደ ገምድል ነው። ከአገር ውጭ በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ትዳር ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። የሃያዎቹን ዕድሜዋን በቤይሩት ወይም በጅዳ በሰው ቤት ሠርታ፣ ወንድም እህት አስተምራ፣ በ36 ዓመቷ ተመልሳ ያገባች ሴት ገና በመጀመሪያው ዓመት «ዘገየች» ትባላለች። ባሏ አሜሪካ ሆኖ እሷ አዲስ አበባ ቪዛ የምትጠብቅ ደግሞ «ሦስት ዓመት ሆናት» ይባልባታል። ሴት በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ ልታረግዝ የምትችለው በስድስት ቀናት ገደማ ብቻ ነው፤ እንቁላል በሚወጣበት ዕለትና ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ቀናት። ባል በዓመት አንዴ ለሦስት ሳምንት የሚመጣ ከሆነ በሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ የተሞከረው ቢበዛ ሦስት ዑደት ነው፤ ቀኑ ካልገጠመም ከዚያ ያንሳል። ሦስት ዑደት መካንነት አይባልም። መካንነት የሚባለው አብሮ እየኖሩ፣ ያለ መከላከያ፣ 12 ወር ሞክሮ አለማርገዝ ነው። ሴቷ 35 ካለፈች ምርመራው ከ6 ወር በኋላ ይጀመራል፤ 40 ካለፈች ደግሞ መጠበቅ አያስፈልግም። «አትጨነቂ፣ ይመጣል» የሚለው ምክር ለ25 ዓመት ሴት ማጽናኛ ነው፤ ለ39 ዓመት ሴት ግን ጉዳት ነው።

አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ስፐርምን ከሰውነት ውጭ አዋሕዶ ፅንስ የማስገኘት ሕክምና) ይህን የጠፋ ጊዜ ይመልሳል ብሎ ማሰብም ሌላው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ በዚህ ሕክምና የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን ከተወለደች ወዲህ ብዙ የተዘጋ በር ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከብራስልስ የተሰማው፣ አንድን ስፐርም በቀጥታ እንቁላል ውስጥ የማስገባት ዘዴ ለወንዶች መካንነት ትልቁ መፍትሔ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት ማዕከል ሥራ ጀምሯል። ይሁንና እንቁላሉ የ43 ዓመት ከሆነ በብልቃጥም ውስጥ የ43 ዓመት እንቁላል ነው። ብዙ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ አባላት በሚኖሩባት እስራኤል መንግሥት ለሁለት ልጆች፣ ሴቷ 45 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ወጪውን ይሸፍናል፤ ወጪው ስለተሸፈነ ግን በራስ እንቁላል የመውለድ ዕድል ከ42 ዓመት በኋላ ከመቶ ጥቂት ብቻ መሆኑ አልተለወጠም። ስለዚህ የባል ችግር በሚስት 37 ዓመት ላይ ሲታወቅና በ42 ሲታወቅ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይታከማል፤ በሁለተኛው ጊዜ መድኃኒቱ ተገኝቶ እንቁላሉ ይታጣል።

መለወጥ ያለበት የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ማንም ሐኪም የባልን የዘር ፈሳሽ ውጤት ካርዱ ውስጥ ሳያይ ሚስትን ለቱቦ ራጅም ሆነ ለቀዶ ሕክምና መላክ የለበትም። ሁለቱ በአንድ ቀን ይምጡ፤ የእሷ ደም በሚቀዳበት ጠዋት የእሱም ብልቃጥ ይሰጠው። ሽማግሌውም፣ የነፍስ አባቱም፣ አማቲቱም «ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር?» ከማለታቸው በፊት «ሄዳችሁ ነበር?» ይበሉ። የባል ውጤት ዝቅ ብሎ ከተገኘ ደግሞ በማግስቱ ተደግሞ የሚፈረድበት አይደለም፦ ቆለጥ አንድን ስፐርም ከመነሻው ሠርቶ ለመጨረስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል፤ በመስከረም የተጀመረ የባል ሕክምና ለውጡ የሚለካው በታኅሣሥ ነው።