የመርካቶ ጥቃቅን ምስክሮች

ታሪክን ከሐውልትና ከዜና መዋዕል ብቻ መፈለግ የሠርቶ አደሩን ድርሻ መሰረዝ ነው። የሰፊው ሕዝብ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥራቸው ጥቃቅን ነገሮች ውስጥ ነው።

«መርካቶ» የሚለውን ስም እንመርምር። ቃሉ ጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ ገበያ ነው። ከጀርባው ግን አንድ ሙሉ ሥርዓት ቆሟል። ይኸውም ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘችበት ዘመን፣ ነጭና ጥቁርን ለያይታ ለማስፈር ባወጣችው ዕቅድ መሠረት በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ ማዛወሯ ነው።

ይሁን እንጂ ገበያውን ወራሪ ቢሰይመውም ተራዎቹን የሰየመው ሠርቶ አደሩ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚታደስበት «ምናለሽ ተራ» ስሙ ለሴት የቀረበ ጥያቄ ነው፤ ዕቃው ከቤት ሲወጣ በማን እጅ ያልፍ እንደነበር ይጠቁማል። መጠቆም ግን ማረጋገጥ አይደለም፤ ፍንጭ ከሌላ ማስረጃ ጋር ካልተመሳከረ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ማስረጃው ደግሞ በእጃችን ነው፤ የዕድር መዝገብ፣ የዕቁብ ደብተር፣ የሱቅ ደረሰኝ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት እንደሚያስታውሰን፣ ሸቀጥ በገንዘብ ይተካል፤ የተቃጠለ መዝገብ ግን አይተካም። ስለዚህ አሮጌውን ደብተር ከመጣላችን በፊት እንጠይቀው፤ የወላጆቻችንን ላብ የመዘገበው እርሱ ነውና።