ለተለዋጭ ቀጠሮ እምቢ ሲባል

ጥገኝነት የተከለከለ ሰው ይግባኝ ችሎት ቀርቦ «ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠኝ» ሲል ቀድሞ የሚመጣው ጥርጣሬ ነው፤ ጊዜ ሊያራዝም ፈልጎ ነው ይባላል። እኔ ግን ከጥርጣሬው በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት እላለሁ። ክርክሩ ዛሬ ቢሰማ ይህ ሰው ጉዳዩን በሚገባ ማስረዳት ይችላል?

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ አቋማቸው ግልጽ ነው። አንድ አፍጋኒስታናዊ ወጣት ዕድሜውን ገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረምርለት ቀጠሮ ጠይቆ ተከልክሎ ነበር። ጉዳዩን ያየው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ክልከላውን ስህተት አለው። ዳኛው ምክንያታዊ መሆናቸው አይበቃም፤ ብቸኛው መለኪያ ለተከራካሪው ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለው ነው ሲል ወሰነ። በ2014 የላይኛው የስደተኞች ችሎትም ይህንኑ መለኪያ አጽንቷል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ታስረው ጉዳያቸው በጥድፊያ ይታይ የነበረ ጥገኝነት ጠያቂዎች ይግባኝ ለማለት የሚሰጣቸው ሁለት የሥራ ቀን ብቻ ነበር። መንግሥት «ካስፈለገ ዳኛው ቀጠሮ መስጠት ይችላል» ብሎ ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቱ ግን ይህ ዋስትና አይበቃም፣ ሥርዓቱ ራሱ ኢፍትሐዊ ነው ብሎ በሐምሌ 2015 ደንቡ ውድቅ መደረጉን አጸና።

ከእኛ አገር የሄደ ስደተኛ ማስረጃ የማሰባሰብን ችግር ያውቀዋል። ከአገር ቤት ወረቀት የሚልክለት ዘመድ ራሱ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። የመጣው ሰነድ ደግሞ መተርጎም አለበት። በሰውነቱ ላይ ያለውን የግርፋት ጠባሳ መርምሮ ሪፖርት የሚጽፍ ሐኪም ለማግኘትም ወረፋ አለ።

መዘግየት ጉዳት እንዳለው አልክድም። እንግሊዝ ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂ በአብዛኛው መሥራት አይፈቀድለትም፤ ቤተሰቡም ተለያይቶ ይጠብቃል። ምን ማስረጃ እንደሚያመጣ ሳይናገር ደጋግሞ ቀጠሮ የሚጠይቅን ሰው ዳኛ ቢከለክለው አልቃወምም። ማስረጃው ተለይቶ ከታወቀ፣ የዘገየውም በባለጉዳዩ ጥፋት ካልሆነ ግን ክልከላው ፍርድን ያጎድላል።

ያለአግባብ የተሰጠ ቀጠሮ ጥቂት ሳምንታት ያባክናል። ያለአግባብ የተከለከለ ቀጠሮ ግን ሰውን ለአሳዳጆቹ ሊያስረክብ ይችላል። እንግዲህ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳኛው ቀጠሮውን ይስጡ፤ ከከለከሉም ክርክሩ ያለዚያ ማስረጃ እንዴት ፍትሐዊ እንደሚሆን በውሳኔያቸው ላይ ይጻፉ።