ከደረጃው ስለወደቀው ጠባቂ

በቅርቡ በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ "የሰይፍ ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?" የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። አንዱ ወገን ፊልም ሁሉ የዓለም ነው አለ። ሌላው "ኧረ ጨዋታ ነው፣ ምን ችግር አለው?" አለ። እኔ ግን ሁለቱም ፊልሙን በቅጡ አላዩትም ባይ ነኝ።

ከከልካዮቹ ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ "የሰይጣን ቤት" ብሎ ነበር የጠራው። ግድግዳ ላይ ፈረስ ሲጋልብ አይተው የማያውቁ አያቶቻችን ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ዛሬ ስልክ በኪሱ የያዘውን ወጣት "አትይ" ብሎ ዝም ማለት ግን ኃላፊነትን መሸሽ ነው። ልጁ ያየዋል፤ ብቻውን ያየዋል፤ ስላየውም ነገር ከእኛ ጋር አያወራም። ክልከላችን ያተረፈልን ይህንኑ ነው።

ደግሞስ ፊልሞቹ ይማርካሉ፤ ለምን እንዋሻለን? ልጅ ሳለን አምቦ ውስጥ በአንድ ጨለማ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ጥቁር ጭምብል ያደረገውን ዞሮ አይተን ስንወጣ፣ የባሕር ዛፍ ዱላ ይዘን እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድረስ እየተፋለምን እንወርድ ነበር። ካደግሁ በኋላ የጥንቶቹን ፈልጌ አየሁ። ዳግላስ ፌርባንክስ እ.ኤ.አ. በ1920 የሠራውን ዞሮ፣ ታይሮን ፓወር በ1940 የደገመውን፣ ከሁሉም በላይ ኤሮል ፍሊን በ1938 የተጫወተበትን ሮቢን ሁድ አየሁ። እነዚህ ፊልሞች ከአያቶቻችን ጋር እኩያ ናቸው፤ ሆኖም ዛሬም ቢከፈቱ ሰው ከመቀመጫው አይነሣም።

ምክንያቱ ሰይፉ ብቻ አይደለም። በሮቢን ሁድ ውስጥ እውነተኛው ንጉሥ በባዕድ አገር ተይዟል፤ ወንድሙ በዙፋኑ ዙሪያ እያደባ ድሃውን በግብር ያስለቅሳል። በኋላ ንጉሡ ማንነቱን ሸሽጎ ይመለሳል፤ ጫካ ገብቶም ከተሰደዱት ጋር ይቀመጣል። ወንጌል የሰማ ወጣት ይህን አይቶ ልቡ ቢዘል ምን ይገርማል? ግፍ በስሙ ተጠርቷል፤ ታዳጊም መጥቷል። ጀግናው ደግሞ ይስቃል! (በእኛ ስብከቶች ጻድቅ ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱ የጠቆረ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።) ስለዚህ ወጣቱን የሳበው ርኩሰት ነው የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል። የሳበው የፍትሕ ረሃብ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ "ጨዋታ ነው" ወደምትሉት። ፊልሙን ድገሙትና የሚወድቁትን ቁጠሩ። ጀግናው ከዋናው ጠላቱ ጋር በግንቡ ደረጃዎች ላይ እስኪፋለም ድረስ ስንት ጠባቂ ይወድቃል? በዚያ ፊልም ሃዋርድ ሂል የሚባል እውነተኛ ቀስተኛ ፍላጻዎቹን ይወረውር ነበር። የሚመቱት ሰዎች ከልብሳቸው ሥር ብረትና ቀላል እንጨት አድርገው ይቆሙ ነበር፤ ደረታቸው ላይ ለሚሰካው ለእያንዳንዱ ፍላጻ 150 ዶላር ይከፈላቸው እንደነበር ይነገራል። የፍሊንን ስም ዓለም ያውቀዋል። ፍላጻውን በደረቱ የተቀበለውን ሰው ስም ግን ማን ጠየቀ? በታሪኩ ውስጥም ጠባቂው እናት የለውም፣ ለቅሶ የለውም፤ ካሜራው ወደ እርሱ አይመለስም። ደስታችን የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሌላ አገር የሚኖር ሰው ይህን ሊያልፈው ይችላል። እኛ ግን ምዕራብ ሸዋ ነን። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጊንጪ ተነሥቶ የሆነውን እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ያልተቀመጠ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጫካ የገባውም፣ የደንብ ልብስ የለበሰውም፣ መንገድ ሲሄድ የተመታውም የአንዲት እናት ልጅ ነው። "እነ እንትና ናቸው" ተብሎ ሰው ሲወድቅ የማይደነግጥ ልብ፣ አንዳች ቦታ ተለማምዶታል።

"ዳዊትስ?" አለኝ አንድ ወንድም በክርክሩ መካከል። መልካም ጥያቄ ነው። ዳዊት ሰይፍ መዟል፤ ግን ብዙ ደም በማፍሰሱ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተከልክሏል። ሊገድለው ላሳደደው ለሳኦል አለቀሰ፤ ዙፋኑን ሊወስድ ለተነሣው ለአቤሴሎምም አለቀሰ። ኤሮል ፍሊን ለጠላቱ ሲያለቅስ አይታችኋል?

በጌቴሴማኒ ጴጥሮስ ያደረገው ግን ልክ ፊልሞቹ የሚያደርጉትን ነው። ሰይፉን መዘዘ፣ ከሊቀ ካህናቱ ሰዎች አንዱን መታ፣ ጆሮውን ቆረጠ። በሆሊውድ ቢሆን ያ ሰው ከደረጃው ተንከባሎ ይረሳ ነበር። ዮሐንስ ግን ስሙን ጻፈልን፦ ማልኮስ። ሉቃስም ጌታ ጆሮውን ዳስሶ እንደፈወሰው ጻፈ። ሊታሰር ሁለት እርምጃ ቀርቶት ወደ ጠባቂው ዞረ።

ሰይፍ ያለበት ታሪክ ሁሉ እንዲህ ይረሳል ማለቴ አይደለም። የእኛው የቦዳ ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ሐምሌትን ተመልከቱ። መጨረሻው የሰይፍ ግጥሚያ ነው፤ ነገር ግን ሐምሌትና ሌርቲስ ይቅር ተባብለው ይሞታሉ፤ እኛም ለሁለቱም እናዝናለን።

እንግዲህ የኅብረታችን መሪዎች ሮቢን ሁድን በአንድ ቅዳሜ ያሳዩን። ሳቁም ይኑር፣ ጭብጨባውም ይኑር። ጠባቂው ከደረጃው ሲወድቅ ግን ፊልሙን አቁመን "ይህ ማን ነበር?" ብለን እንጠይቅ። የድራማ ቡድናችንም በፋሲካ የሮማ ወታደሮችን ለማሳቂያ ማንከባለሉን ይተው።

በሁሉቃው ጨዋታችን ሁልጊዜ ጠባቂ የሚሆን አንድ ልጅ ነበር። ከሁላችን ያንስ ነበር፤ ዞሮ ልሁን ቢል ማንም አይሰማውም። አንድ ቀን ዱላውን ወርውሮ "ዛሬ አልወድቅም" አለን። ሳቅንበት። ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ አብሮን አልወረደም።