ባሏ ባሕር ማዶ ላለ ሙሽራ

ልጃችን ሆይ፤ ባልሽ በአሜሪካ፣ አንቺ በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅ ወይም በዳባት ብትኖሪ፣ የጋብቻሽን እውነተኛነት ቤተ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ለቪዛ ጥያቄ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ የምትቀርቢበት ቆንስል ግን የሚያየው ወረቀትሽንና ቃልሽን ብቻ ነው።

በተክሊል ብታገቢም፣ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ጋብቻሽን በቀበሌው የክብር መዝገብ አስመዝግቢ። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት የክርስትና ስምሽን፣ ፓስፖርትሽ የዓለም ስምሽን ይዞ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ የአንዲት ሴት ስሞች መሆናቸውን ካህኑ በጽሑፍ ይግለጡልሽ።

ዘመኑንም መርምሪ። ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የተፈጸመ ሠርግ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 ነው፤ ተርጓሚው ዓመቱን ሳይለውጥ ቢተወው፣ ገና ሳትተዋወቁ የተጋባችሁ ያስመስላል።

የሙሽሮቹን ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን፣ ሽማግሌዎቹና ወላጆች በመልሱ ዕለት የተነሡትንም ያዢ፤ የተላላካችሁትን ደብዳቤና የሐዋላውን ደረሰኝ በየቀኑ ተራ አስቀምጪ።

ስትጠየቂ የማታውቂውን «አላውቅም» በዪ። አንዲት ሐሰት ብትገኝ እውነቱን ሁሉ ታስጠረጥራለችና፣ ያልሆነውን አትጨምሪ።