ወንበሩ ሲገኝ ማኅበሩ አይፍረስ

ከመተማ በገላባት በኩል ወደ ባሱንዳና ገዳሪፍ የሚዘልቀውን የድንበር ምድር ብዙዎቻችን የምናውቀው በሰሊጥ አጨዳና በኮንትሮባንድ ወሬ ነው። ያ ምድር ግን ፖለቲከኞችንም አፍርቷል። በ1970ዎቹ ከጎንደር ገጠሮች ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በዚያው አካባቢ አልፈው በኡም ራኩባና በተዋዋ ካምፖች ተጠልለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና በካምፕ ያለቁት ደግሞ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከዚህ ሕዝብ መካከል ከሁሉ ቀድሞ የእስራኤል ምክር ቤት፣ የክኔሴት፣ አባል የሆነው ጄኔራል ወይም ባለሀብት አልነበረም፤ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እንጂ። የእኚህ ሰው ታሪክ ወንበር የሚመኝ ማኅበረሰብ ሁሉ ሊያጤነው የሚገባ ነገር አለው ብዬ አምናለሁ፤ ለተወካይ ጉልበት የሚሰጠው የላከው ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ሲላላ ወንበሩም ባዶ ይሆናል።

እኚህ ሰው፣ አቶ አዲሱ መሰለ፣ እስራኤል የገቡት ከሙሴ ዘመቻ አራት ዓመት ያህል ቀድመው ነው። በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ተከታትለው በሙያው ተሰማሩ፤ በኋላም የኢትዮጵያውያን ስደተኞችን የጋራ ድርጅት በሊቀመንበርነት መሩ። በዚያ ዘመን የሙያው ዋና ጉዳይ ምን እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም። በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ የሚያነብለት የሚፈልግ አባት አለ። ልጇ አዳሪ ትምህርት ቤት የተላከባት እናት አለች። ለወላጁ አስተርጓሚ የሆነ፣ በዚህም የቤቱ አዛዥ የሆነ የአሥር ዓመት ልጅ አለ። እንዲህ ያለውን ቤት በየቀኑ የሚያንኳኳ ሰው የትኛው መመሪያ ማንን እንደሚጎዳ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ሕዝቡም በምርጫ ሰሞን ብቅ ከሚለው ይልቅ እሱን ያምናል። ሙያው ለፖለቲካ የሚያበረክተው ትልቁ ነገር ይህ እምነት ነው።

እምነቱ የተፈተነው በጥር 1988 ዓ.ም. ነበር። ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ የእስራኤል የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን የሚቀበለውን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ መኖሩን አጋለጠ። ክንዱን ዘርግቶ፣ አመስግነውት፣ ከረጢቱ ሲሞላ አይቶ ወደ ቤቱ የሄደው ወጣት ደሙ ኤችአይቪ ይኖርበታል ተብሎ እንደተጣለ ያወቀው ከጋዜጣ ነው። ጥር 19 ቀን ከ10,000 በላይ ሰው በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰበሰበ፤ ፖሊስም በአስለቃሽ ጋዝና በውኃ መድፍ ተቀበለው። ከሰልፉ ግንባር ቀደም መሪዎች አንዱ አቶ አዲሱ ነበሩ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደደ። ልብ በሉ፤ አቶ አዲሱ በዚያን ዕለት የምክር ቤት አባል አልነበሩም። በሌበር ፓርቲ በኩል የተመረጡት ከአራት ወር በኋላ፣ በግንቦት ነው።

ሕግ የሚወጣው በምክር ቤት እንጂ በአደባባይ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በጀትም ሕግም እዚያው ይወሰናል፤ ያለ ወንበር የሚጮኽ ሕዝብ ጩኸቱ ከኮሚሽን ሪፖርት ላያልፍ ይችላል። ነገር ግን ወንበርም ብቻውን ምን ያህል እንደሚራመድ ማስረጃ አለ። በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ በሙሴ ዘመቻ በሕፃንነቷ ከሱዳን የመጣችው የክኔሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው በክኔሴት ግቢ ደም ልትለግስ ጠይቃ፣ ኢትዮጵያ በመወለዷ እንደማንኛውም ለጋሽ አንቀበልሽም ተባለች። ከታላቁ ሰልፍ 18 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው! ወንበሩ ነበራት፤ ደንቡ ግን አልተነቃነቀም።

የአንድ ማኅበረሰብ ተወካይ ሆኖ መቅረት ፖለቲከኛን ያጠብባል የሚለው ክርክር የበለጠ ይከብዳል። አቶ አዲሱም ያሰቡበት ይመስለኛል፤ ከሌበር ወጥተው በሠራተኛ ማኅበራት መሪው በአሚር ፔሬጽ የተመሠረተውን አንድ ሕዝብ ፓርቲን ተቀላቀሉ። የድሃ ሠራተኛን ጥያቄ ማንሳት የወገንን ጥያቄ መተው አይደለምና እርምጃው ያስከብራቸዋል። ሆኖም በግንቦት 1991 ዓ.ም. ምርጫ ወንበራቸውን አጡ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ አንድም ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ክኔሴት አልገባም። በ2000 ዓ.ም. የገቡት ሽሎሞ ሞላም የማኅበራዊ ሥራ ምሩቅ ናቸው፤ በእግራቸው ሱዳን ተሻግረው እዚያው ታስረዋል። ምክትል አፈ ጉባኤ እስከመሆን ቢደርሱም በ2005 ዓ.ም. ምርጫ እሳቸውም ወንበራቸውን አጡ። የሰዎቹን ድካም አላቃልልም። ችግሩ ፓርቲዎች ታማኙን ሰው ከማኅበሩ ነጥለው ሲወስዱ ከኋላው ተተኪ የሚያዘጋጅ፣ የተወሰደውንም የሚጠይቅ አለመቅረቱ ነው።

ይህ የእስራኤል ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ እንደገና ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ከጎንደር የተፈናቀሉ ቅማንቶች ባሱንዳ አካባቢ ደርሰዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት የሰውን ጉዞ ወደ መተማ መልሶታል። በየካምፑ ስም የሚመዘግቡት፣ የጠፋ ልጅ የሚያፈላልጉት፣ በክሊኒክ የሚያስተረጉሙት በአብዛኛው ራሳቸው ስደተኛ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ መካከል ነገ በሰፈሩበት አገር ለምርጫ የሚቀርቡ ይኖራሉ። የስደተኛ ማኅበራትና ዕድሮች ሆይ፣ ያን ቀን ሰዋችሁን መርቃችሁ ላኩት፤ ነገር ግን ቢሮውን አትዝጉ፣ መዝገቡን ለተተኪ አስረክቡ፣ የተመረጠውም በየጊዜው እየመጣ ምን እንደሠራ እንዲያስረዳችሁ ከመላካችሁ በፊት ቃል አስገቡት።