ሲጮህ ስልኩን አታጥፉት

በሚያዝያና በግንቦት፣ ልጁ አሜሪካ ያለ ወላጅ ሁሉ የአየር ጠባይ ተንታኝ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ የፈረሰ ቤት ባሳየ ቁጥር «ዳላስ ነው? ካንሳስ ነው?» እያልን እንደዋወላለን። ዛሬ የማወራው ግን ልጃቸውን ሊያርሱ ሻንጣ ለሚያዘጋጁ እናቶች ነው። አራሷ ሥራ ስትመለስ ከሕፃኑ ጋር ቤት የሚቀሩት እነሱ ናቸውና።

ቶርኔዶ በበጋ ሜዳ ላይ አቧራ እያዞረ ከሚወጣው ከእኛው አዙሪት ጋር አንድ አይደለም። የእኛው ፀሐይ ካጋለችው መሬት ይነሣል፤ ደመና አያስፈልገውም። ኃይለኛ ቶርኔዶ ግን የነጎድጓድ ልጅ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣል፤ ከበላዩ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ያልፋል። ሞቃቱ ሽቅብ ሲወጣ ነጎድጓዳማው ደመና ይፈጠራል። የታችኛውና የላይኛው ነፋስ በአቅጣጫም በፍጥነትም ከተለያዩ፣ መካከል ያለው አየር በሁለት መዳፍ መካከል እንደሚንከባለል እርሳስ ተጋድሞ ይሽከረከራል። ሽቅብ የሚወጣው አየር ይህን የተጋደመ አዙሪት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ያኔ ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። ሱፐርሴል የሚሉት ይህን ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ ቶርኔዶ ሳያወርዱ፣ ዘንበው ወይም በረዶ ጥለው ያልፋሉ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ አሥር ጊዜ ነጎድጎ ምንም ያልሆነ ሰው አሥራ አንደኛውን ይንቃል።

በሚዙሪ ግዛት፣ በጆፕሊን ከተማ፣ ግንቦት 2011 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ይህ ነው። ሳይረኑ ቀድሞ ጮኾ ነበር። ብዙ ሰው ግን ድምፁን ለምዶት ስለነበር ሌላ ማረጋገጫ ጠበቀ። ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። የከተማው ትልቅ ሆስፒታልም ተመታ፤ መስታወቱ ረገፈ፣ መጠባበቂያው ጄኔሬተር ሳይቀር ጠፋ። ነርሶቹ ግን ማስጠንቀቂያው እንደመጣ ሕሙማንን ከመስኮት አርቀው ወደ መተላለፊያው አውጥተው ነበር። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይሆናል፣ ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የነካኝ ይህ ነው።

እንግዲህ እናቶች፣ ሁለት ቃላት ለዩ። «ቶርኔዶ ዎች» ማለት ሰማዩ ለዚያ ተመችቷል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ደግሞ ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ወጥቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው። ስልኩ የሚጮኸው በዚህኛው ነው፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቻችሁ ድምፁን አስቀድመው ያሰሟችሁ። በረንዳ ወጥቶ ማየት የለም። ምድር ቤት ካለ እዚያ፤ ከሌለ ታችኛው ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤትም ቢሆን። ጫማ አድርጉ፣ ሕፃኑን አቅፋችሁ ጎንበስ በሉ፣ ራሳችሁን በፍራሽ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ብዙውን ሰው የሚጎዳው የሚበረው እንጨት፣ ቆርቆሮና መስታወት ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ቁስሉ አለ። በጆፕሊን አፈርና የእንጨት ስንጣሪ በገባባቸው ቁስሎች ሥጋ የሚበላ ፈንገስ 13 ሰዎችን ያዘ፤ 5ቱ ሞቱ። ስለዚህ ትንሽ ጭረት ናት ብሎ አስሮ መቀመጥ አይገባም። በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ ሐኪም ይየው፤ ከቀናት በኋላ ዳሩ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከባሰ ዳግም መሄድ ነው። የመጨረሻው የቴታነስ ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ለእንዲህ ያለ ቆሻሻ ቁስል ይደገማል፤ መቼ እንደተከተባችሁ የሚገልጸውን ካርድ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት።