ፋይል የሚበላው ጅብ ሲፈለግ

ኮምፒውተር ላይ ከሚደርሱ ጥፋቶች ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ድምፅ የሌለው ነው። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቢቆም ቢያንስ መበላሸቱን ታውቃላችሁ። ፋይሉ በሰላም ተቀምጧል ተብላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ስትከፍቱት ውስጡ ዝባዝንኬ ሲሆን ግን ማንን ትጠይቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አንዳንድ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የገጠማቸው ይኼው ነው። «እኔ ሊኑክስ አልጠቀምም» ብላችሁ ለመሄድ የተነሳችሁ፣ እስቲ ቁጭ በሉ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊኑክስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊኑክስ ከርነል (በፕሮግራሞቹና በዕቃው መካከል ቆሞ ሁሉን የሚያስተናብረው አስኳል) 4.19 የተባለው እትም ኦክቶበር 22 ቀን 2018 ወጣ። በነገራችን ላይ ያንን እትም ያወጣው ሊኑስ ቶርቫልድስ አልነበረም። ሰውየው ስለ ኃይለ ቃሉ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ወጥቶ ስለነበር ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ነው የተካው። ከችግሩ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም፤ ሐሜት ወዳዶች እንዳትደሰቱ። ብዙም ሳይቆይ አዲሱን እትም የጫኑ ሰዎች «ፋይል ሲስተሜ ተበላሸ» እያሉ መምጣት ጀመሩ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ኤክስት4 ነው፤ ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ፋይሎቻቸውን የሚያደራጁበት ሥርዓት። ለምን እሱ? ስህተቱን የሚያሳውቀው መልእክት ላይ ስሙ ስላለ! ኤክስት4 ከዲስክ ያነበበው ነገር ትርጉም አልሰጥ ሲለው «ኧረ ይኼ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ይጮኻል። እኛ ደግሞ ሌባ ሌባ ብሎ የጮኸውን ይዘን ጣቢያ ወሰድነው። የኤክስት4 ዋና ተጠሪ የሆነው ቴዎዶር ጾ ችግሩን በራሱ ማሽኖች ላይ ሊደግመው ሞክሮ እንቢ አለው። እዚህ ላይ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። በሶፍትዌር ዓለም እንደዚህች ሐረግ የሚያናድደኝ የለም። የአንዱ ማሽን ጤንነት የሌላውን ሕመም ውሸት አያደርገውም።

ታዲያ ጅቡ እንዴት ይያዝ? በ4.18 እና በ4.19 መካከል ከ10 ሺ በላይ ለውጦች አሉ። አንድ በአንድ አይነበቡም። ጊት የተባለው መሣሪያ ግን ለዚህ የሚሆን ብልሃት አለው፤ ለሁለት መክፈል። መሃል ላይ ያለውን ከርነል ገንብታችሁ ትሞክራላችሁ። ከተበላሸ ጥፋተኛው ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ካልተበላሸ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው። የቀረውን እንደገና ትከፍላላችሁ። በ14 ዙር ገደማ አንዲት ለውጥ ብቻ እጃችሁ ላይ ትቀራለች።

በወረቀት ላይ ሲያዩት የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። አይደለም! «ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ እርግጠኛ ነው፤ ፋይሉ ሲበላሽ አይታችኋልና። «ደህና ነው» የሚለው ግን መቼም እርግጠኛ አይሆንም። ምናልባት ብልሽቱ አንድ ሰዓት ቢጠበቅ ይመጣ ይሆን? ምናልባት ማታ ላይ? ቸኩላችሁ አንዴ «ደህና» ካላችሁ ጥፋተኛውን የያዘውን ግማሽ በገዛ እጃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ሁሉ በከንቱ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። በመጥፎው ከርነል የተጻፈ ብልሹ ነገር ዲስኩ ላይ ተኝቶ ቆይቶ ጤነኛውን ከርነል ስትሞክሩ ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ንጹሑን ሰው እንዳትከሱ በየዙሩ ዲስኩን አጽድቶ መጀመር ግድ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ምንጭን አጣሩ፣ ደግማችሁ አጣሩ ይሉን ነበር። ይኼን ያህል ያጣራ ሪፖርተር እኔ አላየሁም።

በመጨረሻ ፈለጉ የደረሰው ኤክስት4 ጋ ሳይሆን ከሱ በታች ባለው፣ የዲስክ ጥያቄዎችን ወረፋ በሚያስይዘው ክፍል ነው። ለፍጥነት ተብሎ የገባች ለውጥ ነበረች፤ ድራይቨሩ ሥራ ካልበዛበት ጥያቄው ወረፋ ሳይዝ በቀጥታ ይግባ የምትል። መልካም ሐሳብ ነው። አሁን አንድ የእህል መጋዘን አስቡ። ሦስት ኩንታል ልትወስዱ ትሄዳላችሁ፤ ጸሐፊው «3» ብሎ ማዘዣውን ካዘጋጀ በኋላ «ሥራ በዝቷል፣ ተመለሱ» ይላችኋል። ወረፋ ስትይዙ አጠገባችሁ ያለው «የኔን ሁለትም ጨምሩልኝ» ይላል፤ ትጨምራላችሁ። ተራችሁ ሲደርስ ጸሐፊው አዲስ ማዘዣ አይጽፍም፣ የድሮውን ያወጣል። ሦስት ኩንታል ይጫናል፣ መዝገቡ ላይ ግን አምስቱም ወጥቷል ተብሎ ይፈረማል። በቃ፣ ጥፋቱ ይኼ ነው። ስካዚ የሚባለው የዲስክ ድራይቨር ክፍል ሰንጠረዡን አስቀድሞ አዘጋጅቶ «አልተመቸኝም» ሲል፣ የተመለሰው ጥያቄ ወረፋው ውስጥ ከሌላ ጋር ይዋሃድና የተጨመረው ክፍል ሳይነበብ ወይም ሳይጻፍ ይቀራል።

ጾ ጋ ለምን እንዳልታየም ከዚህ መገመት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ወረፋውን የሚያስተካክል አስተናጋጅ በሌለበት አደረጃጀት ነው፤ በዚያ ላይ ድራይቨሩ ልክ በዚያች ቅጽበት «ተመለሱ» ማለት አለበት። ያም ሆኖ በዚያው 4.19 ላይ የስካዚ ዲስኮች በነባሪነት ወደ አዲሱ ባለ ብዙ ወረፋ አሠራር ስለተዛወሩ፣ ቀድሞ በዚህ መንገድ ያልሄደ ብዙ ሰው ሳያውቀው ገባበት።

የወረፋው ክፍል ኃላፊ ጄንስ አክስቦ መፍትሔውን ዲሴምበር 4 ላይ ጻፈ። ጥቂት መስመር ናት። የተመለሰውን ጥያቄ «ከዚህ ጋር ማንም አይዋሃድ» ብላ ምልክት ታደርግበታለች። ሁለት ቀን ቆይቶ የበለጠ ጠንካራ ማስተካከያ ተከተለ። ክብሩን መስጠት ተገቢ ነው፤ የኔ ጭብጨባ ግን ይበልጥ የሚሄደው ከርነል እየገነቡ፣ የራሳቸውን ዲስክ እያስበሉ፣ «ተበላሸ፣ ደህና፣ ተበላሸ» እያሉ ለመዘገቡት ነው። ያለነሱ ትዕግሥት የአክስቦ ጥቂት መስመሮች የት እንደሚገቡ ማን ያውቅ ነበር?

«ነፃ ሶፍትዌር ይኼው ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚሉ አሉ። ታዲያ ልብ በሉ፣ በዚያው ኦክቶበር ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ማሻሻያውን አውጥቶ የአንዳንድ ደንበኞቹን ፋይሎች ስለሰረዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማቆም ነበረበት። መልሶ የለቀቀው ኖቬምበር 13 ነው። ኩባንያው ምክንያቱን ፈልጎ አግኝቷል፤ ፋይሉ የጠፋበት ደንበኛ ግን ከማመልከትና ከመጠበቅ ውጭ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ለውጦቹ ተዘርግተው አልተሰጡትም፣ ለሁለት የሚከፍለው ነገር የለውም። ሁለቱም ቤት ጅብ ገብቷል። አንደኛው ቤት ግን ችቦውን ለጎረቤት ሁሉ አድሏል፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

መፍትሔውን የያዘው 4.19.8 ዲሴምበር 8 ወጣ፤ 4.19 ከወጣ በ47ኛው ቀን። ያ እትም ከዚያ በኋላ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ገብቶ እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ ጥገና ሲደረግለት ቆይቷል። በነዚያ 47 ቀናት ውስጥ የተበላ ፋይል ግን አዲስ ከርነል ስለተጫነ አይመለስም፤ ባክአፕ ያልነበረው ሰው ፋይሉን እንዳጣው ቀረ።